ሥራ አለን

ምስክርነት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ይታወቃል። «ሐኪም ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር፣ ጸበል ገባሁ፣ ዳንኩ» ይባልና እልልታ ይከተላል። ሸንኮራ ዮሐንስም ጻድቃኔ ማርያምም እንዲህ ያለ ምስክርነት ሲሰጥ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ አብሬም አጨብጭቤያለሁ። የእኔ ግን እንዲያ አይደለም። እኔን ያከመኝ ሐኪም ነው። ልመሰክር የፈለግሁት ከመታከሜ በፊት፣ እድናለሁ ብዬ ሳላስብ፣ ስለሆነልኝ ነገር ነው።

ሞትን ልጅ ሳለሁ የማውቀው በቃል ነበር። የተወለድኩት አንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ባለች የገደል አፋፍ መንደር ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ዲቁና ስቀበል ድምፄ ገና አልጎረነነም። ከዚያ ወዲያ በሰበካው ሰው በሞተ ቁጥር መስቀል ይዤ ከፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ። ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘቱን ሲያደርሱ ተሰጥዎውን እመልሳለሁ፤ ከሣልስቱ እስከ ሙት ዓመቱ አልቀርም። እውነቱን ለመናገር ፍትሐት ለእኔ ንፍሮና ዳቦ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሲይዙ አያለሁ፤ ዓይኔ ግን የተዝካሩ ድንኳን የት እንደተተከለ ይፈልጋል። ልጅነት ነው።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። አስከሬን ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየማረፊያው ይጸለያል። በእኛ አገር ደግሞ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ለተሸካሚዎቹ ትከሻም ዕረፍት ነው። ቃሬዛው ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ ያለው፣ መሐሉ በጠፍር የተጠላለፈ ነው። የዕድር ነው። ዕቃ ቤት ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ይውላል። ምጥ የያዛትም፣ የታመመም፣ የሞተም የሚሄደው በዚያው ነው።

የ2011 ዓ.ም. ክረምት እኔም ሄድኩበት።

በሽታው የጀመረው ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ በልጅነቴ ጉሮሮ ነው። የአንኮበር ብርድ ልጅ አይምርም፤ ጉሮሮዬን እየደጋገመ ሲያመኝ እንደ አገሩ ወግ እንጥሌን አስቆረጡኝ። ቁስሉ ዳነ፤ ጀርሙ ግን አልተነካም። ቆይቶ ጉልበቴና ክርኔ አብጦ ጥቂት ጊዜ ተኛሁ፤ «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ታለፈ። ሐኪሞች ኋላ እንዳስረዱኝ፣ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰውነትን በገዛ ራሱ ልብ ላይ ያስነሣዋል፤ የልብ ቫልቭ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይዞ ይጠባል። የጤነኛ ሰው ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የእኔ ከ1 በታች ሆኖ ተገኘ። በኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ልቡ የታመመ ወጣት ብዙ ነው፤ ሲጀመር በፔኒሲሊን የሚቆም ነገር ነበር።

ያን ሌሊት መተኛት አቃተኝ። ተንጋለልኩ፣ ታፈንኩ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ለቀቀኝ። ደግሞ ታፈንኩ። ሳል መጣ፤ ያስተፋኝ አረፋ ሮዝ ቀለም ነበረው። ባለቤቴ ጮኸች፣ መንደሩ ተሰበሰበ፣ ቃሬዛው ወረደ። ጋደም ማለት ስለማልችል ጀርባዬን በእህል ስልቻ ደግፈው፣ በጋቢ ጠፍረው አስቀመጡኝና በጭቃው ዳገት፣ በጉሙ ውስጥ፣ አምቡላንስ ወደሚደርስበት አወጡኝ። ጠፍሩ ይሸታል፤ ዕጣን ዕጣን፣ ደግሞ የሰው ላብ። ሽታውን አውቀዋለሁ። ትከሻ ለመለዋወጥ ቆሙ፣ አሳረፉኝ። አፌ ሳላዝዘው ተሰጥዎውን ጀመረ። ተነሡ፣ ሄዱ፣ ደግሞ አሳረፉኝ። ያኔ ገባኝ፤ ማረፊያዎቹን እየቆጠርኩ ነበር። ሰባተኛው እንዳይደርስ ፈራሁ። የፈራሁት መጠን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል አልልም፤ ግን ሰውነቴ በሙሉ ፍርሃት ብቻ የሆነበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም። ስንቱን «በደኅና ግባ» ብዬ የሸኘሁ ሰው፣ ለራሴ አንዲት ቃል ጠፋችብኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ ውኃ የሚያስወጣ መርፌ ወጉኝ። ሲነጋ ትንፋሼ መለስ አለ። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ባሰ። ያባሰው ደግሞ፣ ይህን ስናገር ዘመዶቼ ቅር እንዳይላቸው፣ ፍቅራቸው ነው።

እማዬ ትመጣለች፤ «ምን ሆነህ! ቀለምህም ተመልሷል» ትላለች። አክስቴ፣ «ክፉ አይንካህ፤ ነገ ተነሥተህ ትሄዳለህ» ትላለች። ከዚያ ኮሪደር ይወጡና ከሐኪሙ ጋር ይንሾካሾካሉ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ አፋቸው ግን ይስቃል። «ስለ ሞት አንድ ነገር ላናግራችሁ» ብል «ኧረ አታሟርት!» ብለው አፌን ይይዙታል። ሰው አልጋዬን ከብቦ ቆሞ እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። እኛ ለመርዶ ወግ አለን። በሌሊት ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሊነጋ ሲል በር ይንኳኳል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ሕዝብ፣ ሊሞት ላለው ሰው ግን የምንነግርበት ወግ የለንም። ለቀሪው እንጠነቀቃለን፤ ሟቹን እንዋሸዋለን። ቀንዲልን እንኳ ተመልከቱ። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነው ምሥጢረ ቀንዲል የተሠራው ለሕሙማን ፈውስ ነው፤ ሰባት ፈትል በርቶ፣ ተጸልዮ፣ በሽተኛው በዘይቱ ይቀባል። እኛ ዘንድ ግን «ቀንዲል ይደረግለት» ሲባል ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ሞቱ የተቆረጠ ይመስለዋል። ቁርባንንም ለእርጅና አስቀምጠነዋል። ሰው በጉልበቱ ሳለ የማይደርስበት፣ ከንፈሩ ሲደርቅ የሚታወሰው ነገር አድርገነዋል።

የንስሐ አባቴ በማግስቱ ሳይሆን ሰነባብተው፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ከአንኮበር መጡ። ጃንጥላቸውን በራፉ ላይ አቆሙ፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ ከጋቢያቸው ሥር ጸበል የሞላ ሃይላንድ አወጡና አልጋዬ አጠገብ አስቀመጡ። ዲቁናውን ትቼ መምህራን ኮሌጅ ከገባሁ ብዙ ዘመን ቢሆንም ሲጠሩኝ እስከ ዛሬ «ዲያቆን» ነው የሚሉኝ።

«ዲያቆን፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ምንም አልነገረኝም፣ አባ።»

«እኔን ነግሮኛል። ቫልቭ ነው ምን ነው ያሉት ነገር ካልተከፈተልህ ትሞታለህ። ተከፍቶልህም ልትሞት ትችላለህ። መድኃኔዓለም ካለ ደግሞ ትድናለህ። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። ስለዚህ ሥራ አለን።»

እማዬ አጠገባችን ቆማ ነበር፤ «አባ!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ግን የሆነብኝን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከታመምኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ባለሁበት ቦታ ሌላ ሰው ገባ። አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ከዚያ፣ «አባ፣ ስንቱን ሸኝቼ፣ ስንት ጊዜ ትንሣኤ ሙታንን በአፌ ብዬ፣ እንዴት እንዲህ እፈራለሁ? እምነት የለኝም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ኢየሉጣስ እምነት አልነበራትም?» አሉኝ።

ታሪኩን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የሦስት ዓመቱ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በፈላው ጋን ፊት ቆመው፣ የፈራችው እናትየዋ ናት፤ ያጽናናት ልጁ ነው። ሐምሌ 19 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነገረው ገብርኤል እሳቱን እንዳበረደው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረችው የእናቲቱ መንቀጥቀጥ ትዘለላለች። አባ ግን እዚያች ላይ ነው የቆሙት። ስትፈራ አልተነቀፈችም፤ ከሰማዕትነቷም አልተቀነሰባትም አሉኝ። ጌታም በጌቴሴማኒ አዝኗል፣ ተጨንቋል፤ ያላፈረበትን ነገር አንተ ለምን ታፍርበታለህ አሉኝ።

ያን ሲሉኝ ያለንባት ከተማ የቂርቆስ ከተማ መሆኗ ትዝ አለኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በሰማይ ብርሃን የታየበትን ቦታ ደብረ ብርሃን ብሎ ከተመበት። ቸነፈር ሕዝቡን በጨረሰ ጊዜ ደግሞ እዚሁ በቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ቅዱሱ ስሙ በሚጠራበት ቦታ ቸነፈር እንዳይገባ ቃል ኪዳን አለው ተብሎ ስለሚታመን። ያ ሁሉ ሠራዊት የነበረው ንጉሥ፣ ሞት ደጁ ሲመጣ የተጠጋው የሦስት ዓመት ሕፃን ነው።

ሌሎችም ልጆች ትዝ ይሉኝ ነበር፤ በተለይ ሌሊት። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ጣልያን የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ከረሸነ በኋላ፣ የገዳሙን ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቶ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ እንገጫ በተባለ ስፍራ ፈጃቸው። የግራዚያኒ ሪፖርት 129 ናቸው ይላል፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ከዚያ እንደሚበልጡ ያመለክታል። ከእነሱ መካከል እኔ ዲቁና በተቀበልኩበት ዕድሜ ያሉ ነበሩ። ስለ ሰማዕታት ስንናገር «ሳይፈሩ ሞቱ» ማለት ይቀናናል። እንገጫ ላይ ማን እንደፈራ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን የጓደኛውን እጅ እንደያዘ የሚነግረን የለም። እኔ ፈርተዋል ብዬ አምናለሁ። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ያላለፈ ልጅ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ካልፈራ ምኑን ሰው ነው? ይህን ማለቴ ክብራቸውን ዝቅ የሚያደርግ አይመስለኝም። ለእኔ፣ ያለ እንቅልፍ ተቀምጬ ለማድርባቸው ሌሊቶች፣ ከማይፈሩ ቅዱሳን ይልቅ የሚፈሩ ዲያቆናት ቀርበውኝ ነበር።

ወደ አባ ልመለስ። «ሥራ አለን» ያሉት ለወሬ አልነበረም። መጀመሪያ ምን እንደምፈራ ጠየቁኝ። «ሞትን» ስላቸው፣ «እሱንማ ሰማሁ፤ ምኑን?» አሉኝ። ሳወራ ነው የተለየልኝ። አንዱ መታፈኑ ነው፤ የያን ሌሊት ትንፋሽ ማጣት። ሐኪሙን ጠርተው በፊቴ ጠየቁት፤ ያ ቢመለስ ምን እንደሚያደርጉልኝ፣ ኦክስጅኑ የት እንዳለ፣ የትኛው መርፌ እንደሚሰጠኝ ወጣቱ ሐኪም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሌላው ባለቤቴና ገና ድክ ድክ የምትለው ልጄ ናቸው። «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገራት» ብለው ባለቤቴን አስቀመጧት። ስለ ቤታችን፣ ስለ ደሞዜ፣ ልጄን ማን እንደሚያሳድግ፣ የዚያን ቀን አወራን፤ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አግኝተን ሳቅን። ሦስተኛው ፍርዱ ነው። «ይሄኛው የእኔ ሥራ ነው» አሉና ሌላውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር።

የሚነገረውን ግን ልናገር። የመድኃኒት ካርቶን ቀደው፣ እስክርቢቶ ተበድረው ዕዳዬን አጻፉኝ። ከባልደረባዬ የተበደርኩት፣ የዕድር ውዝፍ፣ ከወንድሜ ጋር በአንድ ክንድ መሬት ድንበር የተኳረፍነው። ወንድሜን አስጠሩት። መጣ፣ ጫማውን አውልቆ አልጋው ሥር ቆመ፣ «አንተ ተነሥ እንጂ ድንበሩ ገደል ይግባ» አለ፤ ድንበሩማ ቀድሞውንም ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሰው ከእኔ የወሰደውንም አጻፉኝ። አንድ ጎረቤቴ ለፋሲካ በግ ወስዶ ዋጋውን ሳይሰጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። «ማርልኝ» አሉኝ። ማርኩት። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው በግ ምን ይሠራለታል?

አክስቴ አንድ ቀን ክኒኖቹን ከትራስጌዬ ስታነሣ ያዟት። ጸበል ከጠጣ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው ብሎ የነገራት ሰው ነበር። አባ ተቆጡ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብሮ እንዲወሰድ ለምእመናን መናገራቸውን አስታወሷት፤ «ያንን ውኃ የባረከ አምላክ ክኒኑን ሲሠሩ ተኝቶ ነበር?» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒኖቼን ሰዓት እየጠበቀች በጸበል የምታስውጠኝ እሷ ሆነች።

ወረፋ ተይዞልኝ ከሆስፒታሉ ወጣሁ። በአገራችን ለልብ ሕሙማን የቆመው ማዕከል በጥቁር አንበሳ ቅጥር ግቢ የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሥርተው ከዚያ እስኪደርስ የሄዱት መንገድ ረጅም ነው። ከመላ አገሪቱ ለዚህ ሕክምና የሚሰለፈው ሕዝብም ብዙ ነው፤ በወራት የሚቆጠር ጥበቃ ነበረብኝ። በዚያ መሐል እኔና ባለቤቴ በሰማንያ ተጋብተን የኖርን ሰዎች አንኮበር መድኃኔዓለም ሄደን ቆረብን። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያስቀደስኩት። ሌሊት ሲጨንቀኝ ረጅም ጸሎት ትንፋሽ አይበቃኝም ነበርና በአንድ ትንፋሽ አንድ ስም ብቻ እጠራለሁ። ያቺ ስም ስትወጣ ሌላዋን ለመጥራት አየር እስካስገባ እጠብቃለሁ። ዳዊት በቃሌ የምወጣ ሰው ጸሎቴ ያቺው ሆነች፤ በቂ ነበረች።

ቀኑ ደርሶ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሕክምናው ደረት የሚከፈትበት አይደለም። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ ይገባል፤ የልብን የመሐል ግድግዳ ይበሳል፣ ወደ ግራው ያልፋል፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ተነፍቶ የተጣበቀውን ቫልቭ ይከፍተዋል። የሚያደነዝዙት ብሽሽቱን ብቻ ስለነበር ነቅቼ ነው ያየሁት። ክፍሉ ብርድ ነው፤ እኔ የአንኮበር ሰው በረደኝ። ስክሪኑ ላይ ጥላ የመሰለ የገዛ ልቤ ይርገበገባል። ሐኪሙ፣ «አሁን ስነፋው ልብህ ለቅጽበት ይዛባል፤ እንዳትደነግጥ» አለኝ። ነፋው። ልቤ ተሰናከለ። ዓይኔ ጨለመ።

ፍርሃቱ መጣ፤ አልዋሽም። ያው የቃሬዛው ፍርሃት ነው፣ መልኩን አወቅሁት። ነገር ግን ግብሩ አስቀድሞ የተከፈለበት ቤት እንደ ደረሰ ጭቃ ሹም የሚጠይቀው አጣ። ባለቤቴን ተሰናብቻለሁ። ወንድሜ ታርቆኛል። ንስሐዬን ገብቻለሁ፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብያለሁ። በእጄ የቀረ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስሙን ጠራሁ፣ አየር አስገባሁ፣ ደግሞ ጠራሁ። ልቤ ተመልሳ መምታት ስትጀምር ሐኪሙ ለረዳቱ «ተከፍቷል» ሲል ሰማሁ።

የመዳኔ ምልክት ሌላ ሳይሆን ተንጋልሎ መተኛት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ባለቤቴ ትንፋሼን ለማዳመጥ ሁለቴ ሦስቴ ቀሰቀሰችኝ። አሁን በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እወጋለሁ፤ ቫልቩም ለዘለዓለም አይደለም፣ አንድ ቀን እንደገና ሊጠብ ይችላል። ክፍል ውስጥ ጉሮሮውን የሚያመው ተማሪ ሳይ ትምህርቱን አቋርጬ ወላጁን አስጠራለሁ፤ ለእንጥል ሳይሆን ለጤና ጣቢያ። ሰው ሲታመም ስጠይቅ ደግሞ «ምንም አልሆንክም» ማለት አልችልም፤ አፌ እምቢ ይለኛል። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ቤተሰብ እንድመጣበት አይወድም።

የበጉ ነገር ግን አስቸገረኝ። ድኜ፣ ወፍሬ፣ ገበያ ስወጣ ያ ጎረቤቴ አልዩ አምባ ሁለት ሙክት ሲሸጥ አገኘሁት። ሳቀ፤ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» አለኝ። ስለ ዋጋው አንዲት ቃል የለም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ያዝኳቸው።

«አባ፣ ያን በግ የማርኩት እሞታለሁ ብዬ ነበር። አሁን አልሞትኩም። ዋጋውን ብጠይቅ ኃጢአት አለው?»

ቆም ብለው አዩኝ። «ዲያቆን፣ የማርከው ለሞት ብለህ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር ብለህ?»

አልጠየቅሁትም። በጉ ግን ጥሩ በግ ነበር።